መምህሩ ወደ ማኅበር የሚገባውም የሚሸሸውም ስለምንድን ነው?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «በጅማ ከተማ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመሠረታዊ መምህራን ማኅበር ሊቀ መንበር ነኝ። 71 መምህራን አሉን፤ መዋጮው ከሁላችንም ደመወዝ ይቆረጣል። ስብሰባ ስጠራ ግን 15 ሰው አይሞላም። በቅርቡ ሦስት ወጣት መምህራን መዋጮው እንዲቆምላቸው በጽሑፍ ጠየቁ። ነባሮቹ ‹የዛሬ ልጆች ለሙያው ግድ የላቸውም› ይላሉ። እውነት ይህ ነው? መምህሩን ወደ ማኅበር የሚስበው፣ ከማኅበርም የሚያርቀው ምንድን ነው? ለሦስቱስ ምን ብዬ ልመልስ?»

የተከበሩ መምህር፣

ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብሁት። ከጠቀሷቸው ሰዎች መካከል እኔን ያሳሰቡኝ ማመልከቻ የጻፉት ሦስቱ አይደሉም። ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ማኅበር እንዳለ ያውቃል፣ ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ ያስባል፣ ስሙንም ጽፎ ይፈርማል። የሚያሳስቡት በየወሩ እየተቆረጠባቸው ብቅ የማይሉት፣ ማኅበሩ ቢኖርም ባይኖርም ልዩነቱ የማይታያቸው የቀሩት ሃምሳ ስድስት የሚያህሉት ናቸው። ከእነርሱ ውስጥ ደግሞ ብዙዎቹ ነባር እንደሚሆኑ እገምታለሁ፤ ስለዚህ ጥፋቱን በዕድሜ ላይ መለጠፍ አያስኬድም። እኔ ራሴ በ1980ዎቹ መጨረሻ በጅማ ዙሪያ ጠመኔ ስይዝ ስለ እኛ የሚባለው ቃል በቃል ይኸው ነበር።

በመጀመሪያ ሦስት ነገሮችን እንለይ። በመዋጮ ዝርዝር ውስጥ መገኘት አንድ ነገር ነው፤ አባል ለመሆን መፍቀድ ሌላ ነው፤ በማኅበሩ ሥራ መሳተፍ ደግሞ ሦስተኛ ነው። በአገራችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያው ሁለተኛውን ሳያስጠይቅ ስለሚፈጸም፣ ሦስተኛው ሲጠፋ ምክንያቱን ለማወቅ እንቸገራለን። አንድ አዲስ ተመዳቢ መምህር ከማኅበሩ ጋር እንዴት እንደሚተዋወቅ ያስታውሱ። መስከረም ላይ መጥቶ ክፍለ ጊዜ ይመደብለታል፤ የመጀመሪያ ደመወዙ ባንክ ሲገባ ከጠበቀው ያንስበታል፤ ወደ ፋይናንስ ሄዶ ፔሮሉን ሲያይ ከግብርና ከጡረታ ቀጥሎ አንድ ሌላ ቁጥር ያገኛል። «ይሄ ምንድን ነው?» ሲል የሒሳብ ሠራተኛዋ ቀና ሳትል «የመምህራን ማኅበር ነው፤ የሁሉም ይቆረጣል» ትለዋለች። ከዚያ በኋላ ስለ ሙያ ክብርና ስለ አንድነት የሚሰማውን ሁሉ የሚሰማው በዚያች ቁጥር በኩል ነው። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ሆኖም ያልተጠየቀ ሰው የገንዘቡን ማነስ አይቆጥርም።

የግል ትምህርት ቤት መምህር የሚተዳደርበት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከደመወዝ ላይ ተቀናሽ የሚደረገው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ በቀር በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት እንደሆነ ይደነግጋል። የመንግሥት መምህር የሚተዳደረው በሲቪል ሰርቪስ ሕግ ነው፤ ቢሆንም የጽሑፍ ስምምነትን ልማድ መዋስን የሚከለክል ነገር አይታየኝም። ጥቅሙም ከሕግ ሰነድነት ያልፋል፤ በገዛ እጁ ቅጽ ሞልቶ የፈረመ ሰው ውሳኔው የራሱ ስለሆነ፣ ቢያንስ መዋጮው ምን እንደሠራለት ለማየት ሲል ስብሰባ ይመጣል።

በፔሮል ላይ ብቻ የቆመ አባልነት ምን ያህል ተሰባሪ እንደሆነ ለማየት ጎረቤታችንን ኬንያን መመልከት ይበቃል። የኬንያ ብሔራዊ የመምህራን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ከ180 ሺህ በላይ አባላት ነበሩት። ከአሠሪው፣ ማለትም ከመምህራን አገልግሎት ኮሚሽን ጋር በደረጃ እድገትና በኅብረት ስምምነቱ አፈጻጸም ተካሰሰ፤ ከፍርዱ በኋላ የደመወዝ ጭማሪው ለማኅበሩ አባላት ሳይከፈል ቀርቶ ለሌሎቹ ብቻ ተከፈለ። መምህራኑ ጭማሪውን ለማግኘት በጅምላ ለቀቁ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ የአባላቱ ቁጥር ከ20 ሺህ በታች ወረደ። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ግዛትም እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ሕግ መዋጮ ከደመወዝ እንዳይቆረጥ ሲከለክልና የድርድር መብትን ሲያጠብ፣ የመምህራኑ ማኅበር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከግማሽ በላይ አባላቱን አጣ። በሁለቱም ቦታ መምህራኑ በአንድ ሌሊት የሙያ ፍቅራቸው አልጠፋም። አባልነት የሚያስገኘውና የሚያስከፍለው ነገር ተለወጠ፤ አሠሪውም የፔሮሉ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ አሳየ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የዕድር ንጽጽር ነው። «ይኸው መምህር የዕድሩን መዋጮ አያሳልፍም፤ የማኅበሩን ግን ይጠላል» ይባላል። ንጽጽሩ ግማሽ መንገድ ይወስዳል። ዕድር ድንኳኑን ሲተክል፣ ወንበሩን ሲያወርድ፣ ለቀስተኛውን ሲያስተናግድ ሰው በዓይኑ ያያል፤ ያልከፈለ ደግሞ በክፉ ቀኑ ብቻውን እንደሚቀር ያውቃል። የመምህራን ማኅበር ዋና ዋና ውጤቶች ግን በር የላቸውም። የደመወዝ እርከን ቢሻሻል የሚሻሻለው ለሁሉም ነው፤ የቤት አበል ቢፈቀድ መዋጮ ከፋዩም ያልከፈለውም እኩል ይቀበላል። እንግዲህ ሰው «እኔ ብከፍልም ባልከፍልም ያው ነው» ብሎ ቢያስብ ሒሳብ ማወቁ ነው እንጂ ክፋቱ አይደለም። ይህን ሒሳብ የሚያፈርሱት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ አንደኛው ለአባሉ ብቻ የሚደርስ ነገር መኖሩ፣ ሁለተኛው ደግሞ የሥራ ባልደረባ ዓይን ነው። ከእርስዎ ጋር በአንድ ጠረጴዛ የፈተና ወረቀት የሚያርመው ሰው «ነገ አብረን እንሂድ» ካለዎት ይሄዳሉ፤ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያነበቡት ጥሪ ግን የደወል ድምፅ ያህል እንኳ አይሰማዎትም።

ቅሬታ የበዛበት መምህር ማኅበር ይወዳል የሚለውም ግምት መታረም አለበት። ቅሬታ ብቻውን ሰውን አያደራጅም። ደመወዙ ያልበቃው መምህር በፊቱ ከአንድ በላይ መንገድ አለው፤ በጅማ ደግሞ መንገዶቹ ቅርብ ናቸው። ቡና በሚለቀምበት ወራት ወደ ማና ወይም ወደ ጎማ ወረዳ ወርዶ ከዘመድ ጋር እሸት ቡና የሚሰበስብ አለ፤ ባጃጅ ገዝቶ በሹፌር የሚያሠራ አለ፤ ቅዳሜና እሑድ በየቤቱ የሚያስጠና አለ፤ ሁለተኛ ዲግሪውን በጅማ ዩኒቨርሲቲ ማታ ተምሮ ከማስተማር የሚወጣበትን ቀን የሚቆጥር አለ። እንዲህ ያለው ሰው ችግሩን በግሉ ፈትቷል ወይም ሊፈታ ተቃርቧል፤ ማኅበሩ ለእርሱ ቅዳሜውን የሚወስድበት ተጨማሪ ሸክም ነው። ወደ ማኅበር የሚመጣው በአንድ በኩል በደል እንደተፈጸመበት የሚያምን፣ በሌላ በኩል ደግሞ በደሉ በጋራ ሊቃና እንደሚችል ያየ ሰው ነው። ከሁለቱ ቀድሞ የሚጠፋው ዘወትር ሁለተኛው ነው።

ስለዚህ በእኔ ግምገማ ከሁሉም በላይ የሚመዝነው፣ ማኅበሩ በአንድ ሰው ጉዳይ ውስጥ እጁን ሲያስገባ መታየቱ ነው። ከዓመታት በፊት ያየሁትን ልንገርዎ። አንዲት መምህርት ከገጠር ትምህርት ቤት ወደ ከተማ ለመዛወር በሕጉ መሠረት ነጥቧን አሟልታ ሳለ ስሟ ከዝርዝሩ ወጣ። ሕፃን ልጇን በጀርባዋ አዝላ ሁለት ጊዜ ቢሮ ተመላለሰች፤ «ኮሚቴው አልተሰበሰበም» ተባለች። በሦስተኛው ጊዜ የመሠረታዊ ማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ ድምፁ የማይሰማ ዝምተኛ የሒሳብ መምህር፣ የዝውውር መመሪያውን በፌስታል ይዞ አብሯት ሄደ። ንግግር አላደረገም። ነጥብ የሚሰጥባቸውን መስፈርቶች ያሰመረበትን ገጽ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «የእርሷን ነጥብ እንደምር» አለ፤ ደመሩ። ስሟ ተመለሰ። በቀጣዩ ስብሰባ ወንበር ከመማሪያ ክፍል ማምጣት አስፈለገ። የዚያን ዓመት ማኅበሩ ስለ ራሱ አንድም ቅስቀሳ አላደረገም፤ ወሬው በመምህራን ማረፊያ ክፍል ለብቻው ዞረ።

ተቃራኒውንም አይቻለሁ፣ በራሴም ደርሶብኛል። የደረጃ እድገቴ አለአግባብ በዘገየበት ጊዜ ወደ ማኅበሩ ተወካይ ሄጄ ነበር፤ ሰውየው አቤቱታዬን ካነበበ በኋላ ወደ ኃላፊው ቢሮ ወስዶ አስረከበና «ይኼ ልጅ እንዲህ እያለ ነው» አለ። የሰውየውን ስምም ቦታውንም እዚህ አልጠቅስም። ከዚያ ወዲያ ለስድስት ዓመት ያህል በማኅበር ስብሰባ አልተገኘሁም፤ መዋጮዬ ግን አንድም ወር አልተቋረጠም።

ይህ ወደ ነፃነት ጉዳይ ይወስደናል፤ ነገሩ ከባድ ስለሆነ ረገጥ አድርጌ ልለፍበት። መምህሩ ማኅበሩን ሲመዝን በልቡ የሚጠይቀው «የማን ነው?» ብሎ ነው። ሊቀ መንበርነት ወደ ምክትል ርእሰ መምህርነት፣ ከዚያም ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚያሻግር መሰላል ሆኖ ከታየ፣ በሊቀ መንበሩ ፊት ቅሬታ የሚናገር አይገኝም። ርእሰ መምህሩ ከፊት ወንበር ተቀምጦ በሚመራው የማኅበር ስብሰባ ላይ ስለ ርእሰ መምህሩ አሠራር መወያየት እንደማይቻልም ግልጽ ነው። ርእሰ መምህሩም መምህር ነው፣ አባል የመሆን መብቱን አልነፍገውም፤ ነገር ግን የሥራ አፈጻጸም የሚሞላ ሰውና የሚሞላለት ሰው በአንድ አጀንዳ ላይ እኩል አፍ የላቸውም።

የታሪኩም ጥላ አለ። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር በ1941 ዓ.ም. የተመሠረተ አንጋፋ ድርጅት ነው። በየካቲት 1966 መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ሴክተር ሪቪው የተባለውን የትምህርት ዕቅድ ተቃውመው ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የዕቅዱን አፈጻጸም ለማቆየት ተገደደ። በደርግ ዘመን ማኅበሩ በመንግሥት መዋቅር ሥር ገባ። ከ1983 በኋላም በአንድ ስም ሁለት አመራር ተፈጥሮ ክርክሩ ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላለሰ፤ ከሁለቱ የአንዱ ወገን ፕሬዚዳንት ዶክተር ታዬ ወልደ ሰማያት በ1988 ታስረው በ1994 ተፈቱ፤ ከአመራሩ አንዱ የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ በሚያዝያ 1989 አዲስ አበባ ውስጥ በፖሊስ ተተኩሶባቸው ተገደሉ። የስሙና የንብረቱ ክርክር በ2000 ዓ.ም. በሰበር ችሎት ውሳኔ ቢያገኝም፣ ጉዳዩ በዓለም ሥራ ድርጅት የመደራጀት ነፃነት ኮሚቴ በቁጥር 2516 ተመዝግቦ ሲታይ ቆይቷል። በዚያን ጊዜ በመምህራን ክፍል ውስጥ ስለ ማኅበር ሲነሳ ሰው በሩን ያይ ነበር። የዛሬው የ26 ዓመት መምህር ይህን አላየም፤ ሆኖም ያስተማሩት መምህራን አይተዋል፣ ወላጆቹም «በሰው ጉዳይ አትግባ» ብለው አሳድገውታል። ፍርሃት ከነምክንያቱ አይወረስም፤ ምክንያቱ ተረስቶ ልማዱ ብቻ ይቀራል።

በሕግ በኩል ያለውም አሻሚነት ፈቃደኝነትን ያላላል። ኢትዮጵያ የመደራጀትና የጋራ ድርድር መብትን የሚመለከቱትን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነቶች ቁጥር 87ና 98 እ.ኤ.አ. በ1963 አጽድቃለች። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉና የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸው የመንግሥት ሠራተኞች በማኅበር የመደራጀት መብት እንዳላቸው ይናገራል። ይሁን እንጂ የመንግሥት ሠራተኛው ከአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውጪ ስለሆነ፣ የሠራተኛ ማኅበር አቋቁሞ እንደ ፋብሪካ ሠራተኛ የኅብረት ስምምነት የሚፈራረምበት ዝርዝር ሥርዓት የለውም። ስለዚህ የእርስዎ ማኅበር ሊለምን፣ ሊያማክር፣ ሊያሳስብ ይችላል፤ አሠሪውን በድርድር ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ግን ይቸግረዋል። መምህሩ ይህን በሕግ ቋንቋ ባያውቀውም በውጤት ያውቀዋል። የሚገርመው፣ በሕጉ የተሻለ መሣሪያ የተሰጠው የግል ትምህርት ቤት መምህር ነው፤ አሥር ሠራተኞች ካሉ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። እዚያ ደግሞ ውሉ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ስለሚታደስ የመጀመሪያውን ፊርማ የሚያኖር ሰው ይጠፋል።

የገንዘብ ግልጽነትን በተመለከተ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም፦ ከመሠረታዊ ማኅበሩ የሚሰበሰበው ገንዘብ ስንት ወደ ወረዳ፣ ስንት ወደ ላይ እንደሚሄድ፣ ስንት እዚህ እንደሚቀርና ለምን እንደዋለ በአንድ ወረቀት ተጽፎ በሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ማስታወቂያው በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ቢሆን ሁሉም ያነበዋል፤ በከተማችን ትምህርት ቤቶች በአንዱ ብቻ የተጻፈ ወረቀት ከፊሉን ሰው ሳያስበው በር ላይ ያስቀራል።

የሴት መምህራን ጉዳይ ግን ከተለመደው በላይ ትኩረት ይገባዋል። ስብሰባ ከትምህርት በኋላ 11 ሰዓት ላይ ሲጠራ፣ ያውም በክረምቱ መግቢያ የጅማ ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው እርስ በርሱ በማይሰማማበት ሰዓት፣ ቤት ውስጥ ሕፃን የሚጠብቃት መምህርት አትቀመጥም። ከዚያ «ሴቶች አይሳተፉም» ተብሎ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። ሰዓቱ በፈረቃ መካከል ወዳለው የእረፍት ጊዜ ይዛወርና አጀንዳው በ40 ደቂቃ ይለቅ፤ ማን እንደሚመጣ ያያሉ። «ልዩ ልዩ» የሚባለውን የአጀንዳ መጨረሻ ደግሞ ወደ መጀመሪያ ያምጡት፤ ሰው የሚናገረው ያለው እዚያ ነው፣ በመጨረሻ ሲቀመጥ ግን ሁሉም ሰዓቱን እያየ ነው።

ከመብት ጥያቄ ሌላ የሙያ ጥያቄም አለ፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱን እናምታታቸዋለን። የመምህርነትን ደረጃ የሚመለከተው የዓለም ሥራ ድርጅትና የዩኔስኮ የጋራ ምክረ ሐሳብ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 5 ቀን 1966 የጸደቀውና ዛሬ የዓለም መምህራን ቀን የሚከበርበትን ዕለት የሰጠን ሰነድ፣ የመምህራን ድርጅቶች ለትምህርት እድገት ብዙ ሊያበረክቱ እንደሚችሉና በትምህርት ፖሊሲ ዝግጅት ላይም ሊካፈሉ እንደሚገባ ይናገራል። ወጣቱ መምህር ወደ ሙያ ማኅበር የሚመጣው በአብዛኛው በዚህ በር ነው፦ አዲሱን መጽሐፍ እንዴት ላስተምር፣ ኬሚካል በሌለበት ቤተ ሙከራ ምን ላሳይ፣ 70 ተማሪ ባለበት ክፍል የተከታታይ ምዘናን እንዴት ላርም የሚሉ ጥያቄዎች አሉት። ተከታታይ ሙያ ማሻሻያው ወረቀት መሙላት ሆኖ ስለቀረ እነዚህ ጥያቄዎች ባለቤት የላቸውም። አንድ ጎበዝ የፊዚክስ መምህር ከሌላ ትምህርት ቤት ጋብዘው ለሁለት ሰዓት ልምዱን ቢያካፍል ለደመወዝ ስብሰባ የማይመጡት ይመጣሉ። ሁለቱን ግን አይቀላቅሏቸው፤ የሙያ ውይይት ብለው ጠርተው ስለ መዋጮ ከተናገሩ ሁለተኛ ጊዜ የሚያምንዎት የለም።

አሁን ወደ ሦስቱ። «አይቻልም፣ የሁሉም ይቆረጣል» ብለው አይመልሱላቸው፤ እንዲህ ያለው መልስ ሦስቱን ከማስቆጣት አልፎ ሃምሳ ስድስቱን ጨርሶ ያስተኛል። ከመቆረጡ በፊት የጽሑፍ ፈቃዳቸው ካልተወሰደ፣ በማመልከቻቸው መሠረት መዋጮው ከቀጣዩ ወር ጀምሮ እንዲቆም ለፋይናንስ ክፍሉ ደብዳቤ ይጻፉ፤ ግልባጩን በእጃቸው ይስጧቸው። የበላይ አካል ቢቃወም፣ የተቃወመበትን ድንጋጌ በጽሑፍ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። ከዚያም ሦስቱን ለየብቻ ቡና ይጋብዟቸው፤ በቢሮ አይደለም፣ ከትምህርት ቤቱ ማዶ ካለችው ጀበና ቡና ላይ። «ለምን ወጣችሁ?» አይበሏቸው። «እዚህ ከመጣችሁ ወዲህ ብቻችሁን የተንገላታችሁበት ጉዳይ ምን ነበር?» ብለው ይጠይቁና ማስታወሻ ይያዙ። ከሚነግሩዎት ውስጥ በመመሪያ ሊፈታ የሚችል አንድ ጉዳይ አይጠፋም፤ ያልተከፈለ የትርፍ ክፍለ ጊዜ ይሆናል፣ የዘገየ የደረጃ እድገት ይሆናል፣ ወይም ያለመስፈርት የተመደበ ክፍለ ጊዜ ይሆናል። እርሱን ይያዙ፤ መመሪያውን በፌስታልም ቢሆን ይዘው አብረው ይሂዱ። የአባልነት ቅጹን በዚያ ቀን አያውጡት። እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ መሳቢያዎ ውስጥ ይቆይ፤ ቅጹን ራሳቸው ይጠይቁዎታል ብዬ ቃል መግባት አልችልም፣ ከሦስቱ አንዱ ግን ከጠየቀ በማኅበርዎ ውስጥ ወዶ የገባ የመጀመሪያው አባል እርሱ ስለሚሆን፣ የሌሎቹን ሰባዎቹን ቅጽም በዚያው ሳምንት እንደ አዲስ ማስሞላት ይጀምሩ፤ የእርስዎን ጨምሮ።